ጭቃ ዕድሜ አለው

«ጭቃ ያው ጭቃ ነው።» በግንባታ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። መሐንዲሱ ይለዋል፣ አሠሪው ይለዋል፣ የምህንድስና ተማሪው ይለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጭቃ ሲረግጥና ሲመርግ የኖረው ባለሙያ ራሱ ሲጠየቅ «ይኼ ምን ሙያ አለው!» ብሎ የገዛ ዕውቀቱን ሲክድ ነው። አባባሉ የያዘው ሐሳብ አጭር ነው፤ አፈሩና ውሃው ከታወቀ ስለ ጭቃ የቀረ የሚታወቅ ነገር የለም። ጠጠር ካለ ውሃ አንሶት ነው፣ ከላላ ውሃ በዝቶበት ነው። ሳይንስ የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ።

ይህ ሐሳብ ስህተት ነው። የጭቃ ጠባይ የሚወሰነው በአፈሩና በውሃው ብቻ አይደለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከተረገጠ ወዲህ ባለፈው ጊዜም ነው። ጭቃ ዕድሜ አለው። ይህን ያላወቀ ሰው ጭቃን አላወቀም። ስህተቱም በወሬ ደረጃ አይቀርም፤ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ ልስን ያረግፋል፣ ብዙዎች የሚመኩበትን ሲሚንቶ እንኳ ያዳክማል።

የሌላውን ወገን ክርክር አቅልዬ ማቅረብ አልፈልግም። እንዲህ ይላሉ፦ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ የአዲስ አበባ ቤቶች አብዛኞቹ ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። ዛሬ ግን ልደታን ተመልከቱ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነባር መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ቆመባቸው፤ በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ በአጠገባቸው ማለፍ ጀመረ። ከተማው ፊቱን ወደ ሲሚንቶ ባዞረበት ዘመን ስለ ጭቃ ምርምር ማውራት ወደ ኋላ መጎተት ነው። ጭቃን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ማክረም የቆየ ልማድ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ ለውጥ ቢያመጣ እንኳ ጭዱ ስለሚበሰብስ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት ስለ ብርጭቆ ሽግግርና ስለ ቁስ አካል ማርጀት የጻፉትም በቤተ ሙከራ በተሠሩ፣ መጠናቸው አንድ ዓይነት በሆነ ንጹሕ ቅንጣቶች ላይ ተመሥርቶ ነው፤ አሸዋ፣ ደለል፣ ጨውና ጭድ የተቀላቀለበትን የእኛን አፈር አይመለከትም። ቢመለከት እንኳ የቤት እጥረት ያስጨነቀው አገር ለእንዲህ ዓይነት ፊዚክስ ጊዜም ገንዘብም የለውም።

ከጭዱ ልጀምር። ጭቃ ሲከርም ጭዱ እንደሚበሰብስ የሚክድ የለም፤ ሽታው ራሱ ይመሰክራል። ተህዋስያን ጭዱን ሲያብላሉት የሚያጣብቅ ነገር ይወጣዋል፣ ጭቃውም ይበልጥ ይለጠጣል፣ ከማገሩም ጋር ደህና አድርጎ ይይዛል። ውሃውም በሸክላው ንብርብር መካከል ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ወይ?

ጭድ ያልገባበት የሸክላ ጭቃ ውሰዱ። ውሃውን እስኪጠግብ ለብዙ ቀናት አክርሙት። ከዚያ በደንብ አሹትና አንዲት ጠብታ ውሃ እንዳትተን አድርጋችሁ በጣሳ ከድኑት። ከሰዓታት በኋላ በጣት ስትጫኑት ከመጀመሪያው የበለጠ ይቋቋማችኋል። ውሃ አልወጣም፤ የሚበሰብስ ጭድም የለም። ታዲያ ምን አጠነከረው? አሁን እንደገና እሹት፤ ምንም ውሃ ሳትጨምሩ ይላላል። ብታስቀምጡት ደግሞ ይጠጥራል። የእንግሊዝ የአፈር ምህንድስና ሊቅ ስኬምፕተን ከኖርዚ ጋር ሆኖ ይህን በተለያዩ ሸክላዎች ላይ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳትሟል። አዲስ ወሬ አይደለም።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የበሰበሰ ጭድ ቢረገጥ ተመልሶ ጭድ አይሆንም። ሸክላው የጠጣውን ውሃም እግር አያስተፋውም። እግር መልሶ የሚያጠፋው ሌላ ነገር ነው። ያ ነገር ደግሞ ከመበስበስም ከመድረቅም የተለየ የራሱ ሕግ ያለው ሂደት ነው፤ ሊቃውንቱ ማርጀት የሚሉትም እሱን ነው።

ሸክላ ከ2 ማይክሮሜትር ያነሱ ስስ ቅጠሎች ስብስብ ነው። በዋልካ አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሸክላ ዓይነት አንዱ ቅጠል ውፍረቱ 1 ናኖሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ አርፎ አይቀመጥም፤ የውሃው ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፉት ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣል። ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 ያየው፣ አንስታይን በ1905 በስሌት ያስረዳው እንቅስቃሴ ይህ ነው። ኮሎይድ የምንለውም እንዲህ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ተበትነው የሚኖሩበትን ነገር ነው። ቅንጣቶቹ ሲበዙ፣ በላያቸው ያለው የኤሌክትሪክ ሙልም ሲያገፋፋቸውና ሲያሳስባቸው፣ እያንዳንዱ በጎረቤቶቹ ይታጠራል። ግንቦት 1 ቀን በልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ ሕዝቡ መካከል የቆመ ሰው አንገቱን ማዞር፣ እግሩን መቀየር ይችላል፤ ከቦታው ለመውጣት ግን ጎረቤቶቹ መንቀሳቀስ አለባቸው፣ እነሱም የራሳቸውን ጎረቤቶች መጠበቅ አለባቸው። በጭቃው ውስጥ ያለው ቅጠልም እንዲሁ ነው። አንዱ ሲመቸው፣ ሌላው ሲመቸው፣ ቀስ በቀስ ይበልጥ ወደሚያጸናቸው አቀማመጥ ይገባሉ። በተመቻቹ ቁጥር የሚቀጥለው እንቅስቃሴ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ጭቃው ባረጀ መጠን እርጅናው ራሱ ይዘገያል፤ አያቆምም ግን። መጨረሻው ላይ ደርሶ ያረፈበት ጊዜ የለም።

ብርጭቆም በመሠረቱ እንዲህ ነው። ቀልጦ ሲፈስ የነበረው ነገር ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ እንደ ጨው ክሪስታል በሥርዓት ሳይደረደሩ ባሉበት ይያዛሉ፤ የብርጭቆ ሽግግር የሚባለው ይህ ነው። ለስላሳ ኮሎይድ ደግሞ ቀዝቅዞ ሳይሆን ተጨናንቆ ነው እዚህ ሁኔታ የሚደርሰው። ተመራማሪዎቹ ፑሲና ቫን ሜገን እ.ኤ.አ. በ1986 ክብ ቅንጣቶችን ተጠቅመው እንዳሳዩት ቅንጣቶቹ ከጠቅላላው ይዘት 58 በመቶ ገደማ ሲይዙ መፍሰስ ያቆማሉ። ተመራማሪው ስትራይክ ደግሞ በ1978 ባወጣው መጽሐፉ በፕላስቲኮች ላይ የሠራውን ሰፊ ልኬት አቅርቧል፤ ነገሩ ሳይነካ የቆየበት ጊዜ አሥር እጥፍ ሲሆን ለጫና ምላሽ የሚሰጥበት ፍጥነትም በግምት አሥር እጥፍ ይዘገያል። ከፕላስቲክ እስከ ሸክላ ጭቃ አንድ ዓይነት ሕግ! ይህ ካላስደነቀን ምን ሊያስደንቀን ነው?

«ንጹሕ ቅንጣት እንጂ የእኛን አፈር አይመለከትም» ለሚሉት መልሴ ከዚሁ ይነሳል። ክርክራቸው ግማሽ እውነት አለው። አሸዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ አያንቀጠቅጠውም፤ ብቻውን ቢቀመጥ በዚህ መንገድ አያረጅም። ክብ ቅንጣቶች ላይ የተገኘውን 58 በመቶም ወደ ሸክላ መውሰድ አይቻልም፤ ስስ ቅጠሎች ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ይያያዛሉ። ለዚህ ዓይነት ምርምር በዓለም ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚሠራበት ላፖናይት የሚባል ነገር ነው። ሲበጠበጥ እንደ ውሃ የሚፈሰው ይህ ነገር፣ ከክብደቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ብልቃጡ ቢገለበጥ እንኳ አይወርድም። ቢመታ መልሶ ይፈሳል። ላፖናይት ምንድን ነው? ሸክላ ነው! 1 ናኖሜትር ውፍረት፣ 25 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በሰው እጅ የተሠራ ሸክላ። የዋልካችን የሥጋ ዘመድ ማለት ነው። የዓለም ተመራማሪዎች ስለ እርጅና ለማወቅ ሲሉ ሸክላ እየሠሩ፣ እኛ የተፈጥሮው ሸክላ ላይ ቆመን «ይህ እኛን አይመለከተንም» እንላለን። በጭቃችን ውስጥ ያለው አሸዋና ደለል በዚህ በሚያረጅ ሙጫ ውስጥ ተይዞ የሚኖር ጭነት ነው። ሙጫው ካልታወቀ ጭቃው አይታወቅም።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ማታ ተረግጦ የተተወ ጭቃ ጠዋት ሲነካ ጠጥሮ ይገኛል። «ጭቃ ያው ጭቃ ነው» ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ባልዲ ያነሳል። የጠጠረ ጭቃ ውሃ ያነሰው ነው ብሎ ያምናልና። የለመደ አቡኪ ግን ሱሪውን ሰብስቦ መጀመሪያ ይገባበታል፤ ተረከዙን እየሰነዘረ ይረግጠዋል፣ ይገለብጠዋል፣ እንደገና ይረግጠዋል። ከላላለት ውሃ አይጨምርም። ካልላላ ብቻ ነው ጥቂት የሚያርከፈክፈው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ልስላሴ ያለው ጭቃ ይዘው ወደ ግድግዳው ይሄዳሉ፤ ዓይን ልዩነት አያይም። ልዩነቱ የሚታየው ሲደርቅ ነው። የመጀመሪያው ጭቃ ትርፍ ውሃ ይዟል፤ ውሃው ሲተን ሸክላው ይኮማተራል፣ ምርጊቱ እየተሰነጣጠቀ ከማገሩ ይላቀቃል። ከዚያ ባለቤቱ «ጭቃ ምን እምነት አለው» ይላል። ጥፋቱ የማን ነው?

የጠጠረ ጭቃ በሁለት ምክንያት ይጠጥራል። አንዱ መድረቅ ነው፣ መድኃኒቱ ውሃ ነው። ሌላው እርጅና ነው፣ መድኃኒቱ እግር ነው። ሁለቱን መለየት አለመቻል ሙያውን አለማወቅ ነው። አቡኪው ይህን የሚያውቀው በተረከዙ ነው፤ የብርጭቆ ፊዚክስ ደግሞ ለምን እንደሚሆን ይናገራል። እሱን «ልማድ» ብሎ ማጣጣል፣ ፊዚክሱንም «ቅንጦት» ብሎ መግፋት፣ አንድን ዕውቀት ከሁለት በኩል መቅበር ነው።

ልማዱ ሁሉ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ጭቃ ባከረሙት ቁጥር ይሻላል የሚለውም አይዋጥልኝም። የእርጅናው ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፈጣን፣ ከዚያ እየዘገየ የሚሄድ ነው፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት የሚያገኘውን ያህል ለማግኘት ብዙ ጊዜ እስከ መቶ ሰዓት መጠበቅ ይኖርበታል። እሱም ቢሆን ከመመረጉ በፊት ሲረገጥ ይጠፋል። ሳምንታት መጠበቅ የሚያስፈልግ ከሆነ ለጭዱና ለውሃው ሥርገት ነው እንጂ ለዚህ አይደለም። የትኛው ስንት ቀን እንደሚፈልግ ለየብቻ ቢለካ የቀን ሠራተኛ ዋጋ የሚከፍለው ድሃ ሰው የሚጠብቀው ጊዜ ያጥርለታል። መለካት የምንለው ለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ መሐንዲሱ «እኛ እኮ እንለካለን» ይለኛል። እውነት ነው፣ ይለካል። ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 ያወጣው ልኬት ዛሬም በየአፈር ቤተ ሙከራው ይሠራበታል፤ ሸክላ በስንት ውሃ እንደሚፈስ፣ በስንት ውሃ እንደሚሰባበር ይነግራል። በሰፊው የሚሠራበትን የአሜሪካ የሙከራ ደረጃ፣ ኤኤስቲኤም ዲ 4318ን፣ ገልጣችሁ አንብቡ። እርጥቡ ናሙና ቢያንስ 16 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። ጭቃ ይደር ማለት ነው! አቡኪው ሲለው ኋላቀርነት የሆነው ነገር ደረጃው ላይ ሲጻፍ ሳይንስ ሆነ? ከዚያ ደግሞ ከመለካቱ በፊት በደንብ እንደገና እንዲታሽ ያዛል። ሲታሽ ምን ይሆናል? ዕድሜው ይጠፋል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ልኬቱ መጀመሪያ የጭቃውን ዕድሜ አጥፍቶ ይጀምራል፣ ውጤቱን የያዘው ሰው ደግሞ «የሚለየው ውሃው ብቻ ነው፣ ዕድሜ የሚባል ነገር አላየሁም» ይላል። አጥፍቶት እንዴት ያየዋል?

አተርበርግን አልነቅፍም፤ ሥራው ለሌላ ዓላማ የተሠራና ዘመን የተሻገረ ነው። ያልተነካ ሸክላን ከታሸ ሸክላ ጋር የሚያወዳድር ልኬትም በአፈር ምህንድስና ውስጥ አለ። የምነቅፈው አንድን ቁጥር ይዞ የጭቃን ጠባይ ሁሉ ጨርሻለሁ ማለትን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 1978 በኖርዌይ ሪሳ 33 ሄክታር ያህል መሬት ከእነ እርሻ ቤቶቹ ተንሸራትቶ ፈሰሰ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ያ ሸክላ ጨው የታጠበለት ልዩ ዓይነት ነው፣ የእኛ አፈር እንደሱ ነው አልልም። ግን ጥንካሬው የነበረው በውስጥ አቀማመጡ ነበር፤ አቀማመጡ ሲናድ፣ ውሃ ሳይጨመርበት፣ የቆመው መሬት ፈሳሽ ሆነ። ውሃው ብቻ ነው ወሳኙ የሚል ሰው ይህን በምን ያስረዳል?

ወደ ሲሚንቶው እንሂድ። «ከተማው ጭቃን ትቷል» የሚለው ክርክር ጠንካራ የሚመስለው ሲሚንቶን ከጭቃ የተለየ ዓለም አድርጎ ስለሚያይ ነው። ግን አዲስ የተቦካ ኮንክሪት ምንድን ነው? ደቃቅ ቅንጣቶች በውሃ ተበትነው፣ አሸዋና ጠጠር የተሸከሙበት ሊጥ ነው። ከመጽናቱ በፊት ባሉት ሰዓታት ውስጥ እንደ ጭቃው ሁሉ ሲያርፍ ይያያዛል፣ ሲናወጥ ይላላል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያለ ንዝረት ራሱ ፈስሶ ቅርጽ የሚሞላ ኮንክሪት ከሠሩ ወዲህ ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በጥንቃቄ ይለካሉ። ኮንክሪቱ ሲያርፍ ቶሎ የሚያያዝ ከሆነ በቅርጹ ሳንቃ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ይቀንሳል። ከመጠን በላይ ካረፈ ደግሞ በላዩ የሚፈሰው ንብርብር ከታችኛው ጋር አይዋሃድም፣ ደካማ መጋጠሚያ ይቀራል። በየግንባታ ቦታችን ኮንክሪት ጠጠር ሲል ውሃ መጨመር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ውሃው በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል። ሊጡ ያለጊዜው በሚጠጥርበት፣ የሐሰት መጽናት በሚባለው ሁኔታ ያለ ምንም ውሃ እንደገና ማደባለቅ ብቻ በቂ እንደሆነ የሲሚንቶ መማሪያዎች ይጽፋሉ። ባልዲውን ያነሳው ያው ሰው ነው። የጭቃውን ትምህርት ስለናቀ የሲሚንቶውንም ሳተው።

የነዳጅ ቆፋሪዎችስ? የሚጠቀሙበት የቁፋሮ ጭቃ ከሸክላ የተሠራ ነው። ጥንካሬውን ከ10 ሰከንድ ዕረፍት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከ10 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ሌላ ጊዜ ይለካሉ። ለምን ሁለት ጊዜ? ዕድሜው ስለሚለውጠው ነው። ቁፋሮው ሲቆም ጭቃው ካልጠጠረ የድንጋይ ፍርፋሪው ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከመጠን በላይ ከጠጠረ ደግሞ ፓምፑ መልሶ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ኢንዱስትሪ የጭቃን ዕድሜ በሰከንድ ሲለካ ለድሃ ቤት ሲሆን በሳምንትም መለካት ቅንጦት ሆነ?

ፊሊፕ አንደርሰን፣ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በጠጣር ነገሮች ቲዎሪ ውስጥ ካልተፈቱት ሁሉ ጥልቁ ምናልባት የብርጭቆና የብርጭቆ ሽግግር ጥያቄ እንደሆነ ጽፏል። ፒየር ዢል ደ ዤን በ1991፣ ጆርጆ ፓሪሲ በ2021 ኖቤል የተሸለሙባቸው ሥራዎች ከዚህ ዓለም ብዙ አይርቁም። ይህን የምጠቅሰው በስም ለማስፈራራት አይደለም። የዓለም ምርጥ አእምሮዎች ገና ያልፈቱት ጥያቄ በእግራችን ሥር ባለ አፈር ውስጥ እንዳለ ለማሳየት ነው። ጥያቄውን ለመጠየቅ ቢሊዮን ዶላር የሚያስወጣ ማሽን አያስፈልግም። ክዳን ያለው ጣሳ፣ ሚዛን፣ ሰዓትና አንዲት የምትወድቅ ሾጣጣ ብረት ይበቃሉ። ሾጣጣዋም ከስዊድን የአፈር ቤተ ሙከራዎች የመጣች መሣሪያ ናት።

ልደታን ያነሳሁት ለዚህም ነው። እዚያው በክፍለ ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ ሕንፃ ኮሌጅ ብሎ የሚጠራው ኢንስቲትዩት አለ፤ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። የአገራችን አርክቴክቶችና የግንባታ ባለሙያዎች በትውልድ ተርታ የወጡበት ቤት ነው። በፈረንሳይ ግረኖብል እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው ክራቴር የአፈር ግንባታን ብቻ ይዞ የዓለም ማዕከል መሆን ከቻለ፣ አብዛኛው ሕዝቡ በጭቃ ቤት ሲኖር የኖረ አገር ኮሌጅ ምን ይጎድለዋል? ከኮሌጁ አጥር ውጭ ጭቃ ማቡካት የሚያውቁ ሰዎች አሉ። መንደሮቹ ሲፈርሱ ግድግዳው ብቻ አልፈረሰም፤ የትኛው ጭቃ ለምርጊት፣ የትኛው ለልስን እንደሚሆን የሚያውቁት ሰዎችም ተበታተኑ። ያ ዕውቀት ተጽፎ አልቀረም። አንድ አቡኪ በሞተ ቁጥር የሚጠፋው ነገር በየትኛውም የአተርበርግ ሠንጠረዥ ላይ የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ከተማው ጭቃን ትቷል የሚሉት ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ጭቃ ከከተማው አልወጣም፤ ከመሠረቱ ሥር አለ። ከቦሌ እስከ አቃቂ ብዙ ቤት የቆመው በክረምት አብጦ በበጋ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ነው። በአገር ደረጃ ይህ ዋልካ 12 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። መሠረት የሚጥል መሐንዲስ፣ መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ፣ ማሳውን የሚያጠነፍፍ ገበሬ ሁሉ ከዚህ ቁስ ጋር ነው የሚታገለው። ጭቃ ቤት ሁሉ ነገ ቢፈርስ እንኳ ጥያቄው ይቀራል።

የአፈር ምህንድስና የምታስተምሩ መምህራን፣ በመጪው መንፈቅ ዓመት ተማሪዎቻችሁ የአተርበርግን ሙከራ ሲሠሩ አምስት ጣሳ ጭቃ ለብቻ አስቀምጡ። ውሃ እንዳይተን ክደኗቸው፤ አለመትነኑን ለማረጋገጥም መዝኗቸው። አንዱን ወዲያው፣ አንዱን ከአንድ ሰዓት፣ አንዱን ከአንድ ቀን፣ አንዱን ከሳምንት፣ የመጨረሻውን ከወር በኋላ፣ ሳታሹ፣ በሾጣጣዋ ለኩ። ከዚያ እያንዳንዱን አሹና እንደገና ለኩ። ሥራው ሲጀመር ከሰፈሩ አንድ አቡኪ ጥሩና ጭቃውን በተረከዙ መርምሮ የሚለውን ከቁጥሩ ጎን ጻፉ። የቀኑን ደመወዝም ክፈሉት።